ለመድረኩ ይከፈላል፤ ለልምምዱስ?

ሐምሌ ሲገባ አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። የከተማ ምክር ቤቶች ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሚውል የሚያጸድቁት በዚሁ ሰሞን ነው። በደሴም በኮምቦልቻም ከመንገዱና ከውሃው ወሬ ጎን አንድ ክርክር ብቅ ማለቱ አይቀርም። ከተማው ለወጣት የሙዚቃና የባህል ቡድኖች ገንዘብ ይመድብ ወይስ አይመድብ? አንዱ ወገን በደርግ ዘመን ዝነኛ የነበረውን የወሎ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድን፣ ላሊበላ ኪነትን፣ ያፈራ አገር ቡድን አጥቶ ማየት ያሳፍራል ይላል። ሌላው ቧንቧ ሳይደርስ ለጭፈራ ብር ማውጣት ግፍ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ቆይ እንጂ፣ በየበዓሉ መድረክ ላይ የምናያቸው ልጆች ከመንግሥት እየተከፈላቸው አይደለም ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሦስቱም ስለ አንድ ገንዘብ የሚከራከሩ ይመስላል። ግን አይደለም። ክርክሩ የማያልቀውም የተለያዩ ገንዘቦች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይመስለኛል።

ደመወዝ፣ ግዢ፣ ድጎማ

የመጀመሪያው ገንዘብ ደመወዝ ነው። መንግሥት ተወዛዋዡንና ድምፃዊውን እንደማንኛውም ሠራተኛ ይቀጥራል፣ በየወሩ ይከፍላል። ባሕር ዳር ያለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ክልሉ የሚያስተዳድረው ተቋም ስለሆነ ባለሙያዎቹ ቅጥር ናቸው። በንጉሡ ዘመን የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎችም እንዲሁ ደመወዝተኞች ነበሩ።

ሁለተኛው የአገልግሎት ግዢ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የምረቃ ወይም የአቀባበል ዝግጅት ሲኖረው ቡድን ይጠራል። ቡድኑ ይጫወታል፣ ይከፈለዋል፣ ይሄዳል። ይህ ድንኳን ከመከራየት የተለየ ግዢ አይደለም። ሕዝቡ መድረክ ላይ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ይኼኛውን ነው።

ሦስተኛው ድጎማ ነው። ድጎማ ማለት መንግሥት በምላሹ ዕቃም አገልግሎትም ሳይገዛ፣ አንድ ሥራ በራሱ እንዲቀጥል ብሎ የሚሰጠው ገንዘብ ወይም ንብረት ነው። ለመለማመጃ ቤት፣ ለመሣሪያ፣ ልጆችን ለሚያስተምር ባለሙያ። የማኅበረሰብ ቡድን የሚባለው፣ ማለትም የሠፈር ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው ተሰባስበው የሚያቋቁሙት፣ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ይህንን ነው። ከሁሉ ያነሰ የሚያገኘውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ «ይከፈላቸዋል» የሚለውም «ምንም አያገኙም» የሚለውም ትክክል ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሰዓት መድረክ ይከፈላል። ከመድረክ በፊት ላሉት ሁለት ወራት የሚከፍል የለም።

ብሩ ከየት ይመጣል?

አንድ የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው ከክልሉ የሚመጣው ጥቅል ድጎማ ነው፤ በቢሮ ቋንቋ ብሎክ ግራንት ይሉታል። በዚህ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ይተዳደራል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው፤ ከመሬት ሊዝ፣ ከኪራይ፣ ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ የሚሰበሰብ። እሱ ደግሞ ለመንገድ፣ ለቦይ፣ ለጽዳት፣ ለመብራት ነው።

ባህል የሚቀመጠው በመጀመሪያው ኪስ ነው። እዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው። ደመወዝ ተከፍሎ ሲያበቃ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል። ወረቀት፣ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ መስተንግዶ ሁሉ ከዚያ ነው። የባህል መሥሪያ ቤቱ ለቡድን የሚሰጠውን የሚቆርሰው ከዚችው ቁራሽ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 መንግሥት ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ግን አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ቃል ጨምሮበታል። በ1990 ዓ.ም. የወጣውና በ2008 ዓ.ም. የተሻሻለው የባህል ፖሊሲም ድጋፍ ያስፈልጋል ይላል። ግዴታው አለ፤ መጠኑ ግን የለም። አንድ የበጀት ባለሙያ የመምህር ደመወዝ ቢያስቀር ይጠየቃል። የክራር መግዣ ቢያስቀር የሚጠይቀው የለም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ የማያስጠይቀው ነው።

ያለፉት ዓመታት ይህን አባብሰውታል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ሥር ወድቀው የሕዝብ ንብረት ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ገንዘብ መጀመሪያ የሄደው የተሰበረውን ለመጠገን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ክራርና ማሲንቆ እዚሁ ይሠራሉ። ስፒከሩ፣ ማይኩ፣ ኪቦርዱ ግን ከውጭ ነው።

ትናንት እንዴት ነበር?

የደሴ ሰው ዛሬን የሚለካው በላሊበላ ኪነት ነው። መለካቱ ተገቢ ነው። በደርግ ዘመን የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ኪነት አገር ያወቃቸው ነበሩ። ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከላሊበላ ኪነት ነው። አምባሰል የሚባለውን የወሎ ቅኝት ከወሎ ውጭ ያለው ሰው በእሷ ድምፅ ነው ያወቀው።

ሲነገር የማይሰማው ግን ከሥር የነበረው መዋቅር ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩን የሚሰበስበው ቀበሌው ነበር። በዚያ ላይ የቀበሌ ሱቅና ክበብ ነበረው። ባጭሩ፣ ቀበሌ የራሱ ገቢና የራሱ አዳራሽ ነበረው። የቀበሌ ኪነት የበቀለው እዚያ ላይ ነው። ከቀበሌ ጎበዙ «ከፍተኛ» ወደሚባለው ከቀበሌ በላይ ወዳለው እርከን፣ ከዚያ ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገር ይመለመል ነበር። ላይ ላዩን የምናስታውሰው ትልቁን ቡድን ነው። ያ ቡድን ግን ከብዙ ትናንሽ ቡድኖች የተጣራ ነበር።

ዋጋም ነበረው። ኪነቱ የሚዘፍነው ስለ ባቲ ገበያና ስለ አምባሰል ማር ብቻ አልነበረም። ለዘመቻው፣ ለምልመላው፣ ለመፈክሩም እንዲዘፍን ይታዘዝ ነበር። አንድ ልጅ ድምፁ ሲያምር ደስታም ስጋትም ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ያ ሁሉ መዋቅር አብሮ ፈረሰ። የቆመበት ገቢም ውሎ አድሮ ሄደ። ዛሬ ቀበሌ ያኔ የነበረውን ገንዘብ የመወሰን ነፃነት የለውም። ስለዚህ «ያኔ ይቻል ነበር፣ አሁን ለምን አይቻልም?» ለሚለው የመልሱ ግማሽ እዚህ ጋ ነው።

ማሲንቆው መጋዘን ሲገባ

የከተማ መሥሪያ ቤት አንድ ቡድን ለመርዳት ከልቡ ቢፈልግ እንኳ ሥርዓቱ ያስቸግረዋል። አንድ ማሲንቆ ገዝቶ መስጠትን እንውሰድ።

መጀመሪያ ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይሰበሰባል። ማሲንቆ የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ደረሰኝም ማኅተምም የለውም። ስለዚህ ደረሰኝ ካለው የዕቃ ሱቅ ይገዛል፤ ጥራቱ ይወርዳል፣ ዋጋው ይወጣል። ከዚያ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ቅጽ ገቢ ይሆናል። ያኔ ማሲንቆው የመንግሥት ንብረት ሆነ ማለት ነው። ለቡድኑ ለመስጠት በሞዴል 22 ወጪ መሆን አለበት። ወጪ የሚሆነው ግን በአንድ ሠራተኛ ስም ነው። ያ ሠራተኛ ማሲንቆው ቢሰበር ይጠየቃል። ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አምኖ መስጠት ይከብደዋል። መጋዘን ማስቀመጥ ይቀለዋል።

የደሴ ክረምት ደግሞ ይታወቃል። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይከርማል፣ ቤቱ ሁሉ ይረጥባል። የማሲንቆው ቆዳ ይላላል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው አውታርም ሳይነካ ሲከርም ይበላሻል። የሙዚቃ መሣሪያ ሰው ሲይዘው ነው የሚኖረው። መስከረም ላይ ለበዓል ሲወጣ ድምፅ የለውም። መዝገቡ ላይ ግን ሙሉ ነው፤ አንድ ማሲንቆ፣ ይዞታው ደህና።

በጥሬ ገንዘብ መስጠትም ከዚህ አይሻልም። ለቡድን የተሰጠ ብር በደረሰኝ ካልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆኖ ፈራሚው ኃላፊ ስም ላይ ይያዛል። ቡድኑ ቢበተን፣ ሰብሳቢው አዲስ አበባ ቢሄድ፣ ኦዲተር የሚያገኘው ኃላፊውን ነው። ከዚህ አንጻር «ባለሥልጣናቱ ለባህል ደንታ የላቸውም» ማለት ነገሩን ማቅለል ነው። ብዙዎቹ የሚፈሩት ዕዳውን ነው። ፍርሃታቸውም ከመሬት የተነሳ አይደለም።

የጊዜው አለመግጠምም አለ። በጀት ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፣ ብሩ ሥራ ላይ እስኪውል ነሐሴም ያልፋል። የቡድኖች ትልቁ ወቅት ደግሞ መስከረም ነው፤ ዘመን መለወጫና መስቀል። ለመስከረም የሚለማመድ ቡድን ድጋፍ የሚያስፈልገው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነበር። በተቃራኒው ሰኔ 30 በጀት ከመዘጋቱ በፊት የተረፈ ብር እንዳይመለስ ጥድፊያ ይሆናል። ያኔ ድንገት የባህል ዝግጅት ይታሰባል።

ሁለት ሺህ ብር ስንት ቀን ነው?

በምሳሌ እናስላው። ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ ነው። አንድ ቡድን 15 አባላት አሉት። ለአንድ ዝግጅት 30 ሺህ ብር ተከፈለው። ለአንድ ሰው 2 ሺህ ብር ደረሰው። ጥሩ ነው ያስብላል።

ቡድኑ ለዚያ ዝግጅት በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ወር ተለማምዷል። 16 ቀን ማለት ነው። 2 ሺህ ለ16 ሲካፈል ለቀን 125 ብር ይሆናል። ከዚያ ታክሲ፣ ሻይ፣ የልብስ እጥበት ይወጣል።

ቡድኑ የግብር መለያ ቁጥር፣ ቲን የሚባለው፣ ከሌለውስ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቲን ለሌለው አቅራቢ ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲቀር ይላል። ከ30 ሺህ ብር 9 ሺህ ሄደ። ለአንድ ሰው 1,400 ብር ቀረ። ለአንድ የልምምድ ቀን 87 ብር ከ50 ሳንቲም።

እንግዲህ ቲን ያውጡ ማለት ይቀላል። ግን ለማውጣት ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋል። መንገዱ ሁለት ነው። ንግድ ኢንተርፕራይዝ ሆኖ መደራጀት ብድር ሊያስገኝ ይችላል፤ ግን አትራፊ ስለሆነ ድጎማ ለመቀበል አይመችም። በጎ አድራጊ ማኅበር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ዓይነት ማዕቀፍ መመዝገብ ድጎማ ለመቀበል ይመቻል፤ ግን መተዳደሪያ ደንብ፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የሂሳብ መዝገብ ይጠይቃል። ከትምህርት ቤት መልስ የሚገናኙ ልጆች ሁለቱም አይሆኑላቸውም። ብዙዎቹ «ክበብ» ተብለው ይቀራሉ፤ በሕግ ፊት የሌሉ፣ መድረክ ላይ ግን ያሉ።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት

መጀመሪያ ውሃና መንገድ የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ቧንቧዋ በሳምንት አንዴ ለምትመጣላት እናት የክራር በጀት ቢነገራት ብትቆጣ አይፈረድባትም። ችግሩ ክርክሩ ውሃና ሙዚቃ ከአንድ ኪስ የሚወጡ አድርጎ ማሰቡ ነው። የቧንቧው ሥራ ሌላ ተቋም፣ ሌላ ሂሳብ አለው። ሙዚቃው የሚሻማው ከሥራ ማስኬጃው ጋር ነው፤ ከስብሰባው፣ ከመስተንግዶው፣ ከባነሩ ጋር። ትክክለኛው ጥያቄ ውሃ ወይስ ክራር አይደለም። ለአንድ ቀን የምረቃ ድግስ የሚወጣው ብር ለአንድ ዓመት ልምምድ ቢውል ምን ይመስላል የሚለው ነው።

ገበያው ይበቃል የሚሉም አሉ። ጥሩ ቡድን ሠርግ ይጠራዋል፣ ይበላል። እውነት ነው፤ የወሎ ሙዚቃ በሠርግ ቤት ባይጠራ ኖሮ ዛሬ ባልደረሰ ነበር። ሠርግ ግን የሚከፍለው ለሚጨፈርበት ነው። አምባሰልን በዝግታ የሚጫወት፣ የባቲን ቅኝት ከአንቺሆዬ ቅኝት የሚለይ ጆሮ የሚሠለጥነው ሠርግ ላይ አይደለም። ደግሞም ገበያው የሚወስደው የበሰለውን ነው፤ ጥሬውን ማን ያብስለው የሚለውን አይመልስም።

ከሁሉ የሚከብደው ስጋት ሦስተኛው ነው። ገንዘብ የሰጠ ያዛል። ያለፈውን ለሚያውቅ ይህ ተረት አይደለም። ዛሬም ቡድን ከድጋፍ ሰልፍና ከአቀባበል ጋር መያያዙ አባላቱን ያሳቅቃቸዋል፤ በተለይ እንዳሁኑ ክልሉ ሰላም ባጣበት ጊዜ የማን ወገን ናችሁ ያስብላል። ለዚህ ሌሎች አገሮች የዘየዱት አለ። እንግሊዝ በ1946 እ.ኤ.አ. የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ስታቋቁም «የክንድ ርቀት» የሚባል መርህ ይዛ ነበር። ገንዘቡን የሚሰጠው መንግሥት ነው። ማን ያግኝ የሚለውን ግን የሚወስነው ከመንግሥት አንድ ክንድ ራቅ ብሎ የተቀመጠ የባለሙያዎች ጉባኤ ነው። እዚያም ቅሬታ አልጠፋም፤ ዋና ከተማዋ የአንበሳውን ድርሻ ትወስዳለች የሚለው የቆየ ነው። ቢሆንም ዘፈኑን ሚኒስትሩ አይመርጥም። ደሴ ላይ የመምህራን፣ የቀድሞ ኪነተኞችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አነስተኛ ኮሚቴ ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል። በጀቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ማን ምን አገኘ የሚለው ቢለጠፍ ሐሜቱ ግማሽ ይቀንሳል።

ኮምቦልቻ ለብቻዋ

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፤ ጉዳያቸው ግን አንድ አይደለም። ደሴ የቢሮና የንግድ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ። እዚያ ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ይገኛል ብሎ መጠበቅ ልክ ይመስላል።

ግን ሁለት ነገር አለ። በአገራችን ትልቁ የሙዚቃ ስፖንሰር ለዓመታት ቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን በጣም አጠበበው። ለጤና የተደረገ ነው፣ በጎም ነው፤ የሙዚቃው ገንዘብ ግን አብሮ ቀነሰ፣ ምትክም አልተፈለገለትም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ አጎዋ ከሚባለው፣ በመውጣቷ ለውጭ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተጎድተዋል። የራሱ ትዕዛዝ የቀነሰበት ድርጅት ቡድን አይደጉምም። ኮምቦልቻ የከተማ ድጎማ ከደሴ ባልተናነሰ የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው። ከየገጠሩ መጥተው በአንድ ክፍል አራት አምስት ሆነው የሚኖሩት የፋብሪካ ሴቶች እሑድ ከሰዓት የሚሄዱበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ከየቀዬአቸው ይዘውት የመጡት ዜማ አለ።

በራሱ የቆመው ዜማ

በወሎ ሳምንት ከሳምንት የማይቋረጥ የማኅበረሰብ ዜማ አለ። መንዙማው አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር አለ። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው በሚለው በአንቀጽ 11 ምክንያት ከተማው እነዚህን መደጎም አይችልም። እነሱም አይጠብቁም።

ለምን ቆሙ? እምነቱ ዋናው ነው። ግን ሌላም አለ። ቋሚ ቦታ አላቸው። ቋሚ ቀን አላቸው። ታናሹን የሚያስተምር ታላቅ አላቸው። ወጪያቸው በአባላት መዋጮ ይሸፈናል፤ ወጪው ትንሽ የሆነውም ቤቱ የራሳቸው ስለሆነ ነው። የሠፈር የሙዚቃ ቡድን የጎደለው ይኼ ነው፤ ቦታ፣ ቀን፣ አስተማሪ። ሦስቱ ከተሟሉ መዋጮውን ልጆቹ ራሳቸው አያጡትም። ዕድር ባለበት አገር መዋጮ የሚያስተምረን የለም።

ከዚህ ተነስቼ የማስበው፣ ከተማው በመጀመሪያ መስጠት ያለበት ብር ሳይሆን ሰዓት ነው። የወጣት ማዕከላት አሉ፣ የቀበሌ አዳራሾች አሉ፣ የትምህርት ቤት ክፍሎች ቅዳሜና እሑድ ባዶ ናቸው። አዳራሹ ለስብሰባ ይፈለጋል ተብሎ ይቆለፋል፤ ስብሰባው በወር ሁለቴ ነው። ለአንድ ቡድን ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ምሽት ብሎ በደብዳቤ መስጠት ፕሮፎርማ አይጠይቅም፣ ተሰብሳቢ ሂሳብም አይሆንም። የሚያስወጣው የመብራትና የጥበቃ ነው።

መሣሪያውን በሚመለከት፣ ቡድኑና ወላጆች የሚፈርሙበት የውሰት ውል ቢኖር የሞዴል 22 ጭንቀት ይቀላል። ያረጀው በአገልግሎት እንዳረጀ ይመዝገብ፤ በመጋዘን ከሚበላሽ በልጅ እጅ ይለቅ። ጥሬ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በግልጽ ማስታወቂያ፣ በባንክ ሂሳብና በጣምራ ፊርማ።

እንዲህ ካልሆነ የሚሆነው አሁን በጥቂቱ የሚታየው ነው። ጎበዙ ልጅ ወደ አዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች ይሄዳል። የቀረው ኪቦርድ ላይ በተጫነ ምት ሠርግ ያሟሙቃል። አምባሰልን በሥርዓት መማር የፈለገ የአምባሰል ልጅ አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ድረስ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል።

የጸደቀው በጀት በየአስተዳደሩ ሰሌዳ ላይ ለሕዝብ የመለጠፍ አሠራር አለ። ዘንድሮ ሲለጠፍ ማየት የሚገባው የባህል መሥሪያ ቤቱ ጠቅላላ ድምር አይደለም፤ እሱ ደመወዙን ይዞ ትልቅ ይመስላል። ከሥሩ ሥራ ማስኬጃው ስንት እንደሆነ፣ ከሱም ውስጥ ለመስተንግዶና ለዝግጅት ስንት፣ ድጋፍ በሚለው መስመር ስንት እንደተጻፈ ነው። መስመሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ የሠፈሩ አዳራሽ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይቻላል።